ጆርጅ ዋሽንግተንና የአርባ ዓመት የጥርስ ሕመማቸው

በአሜሪካ የአንድ ዶላር ኖት ላይ ያለው ፊት በዓለም ዙሪያ በስፋት ከሚታወቁት ምስሎች አንዱ ነው። ከንፈሮቹ ጠበቅ ብለው ተገጥመዋል፤ የአፉ ዙሪያም ወደ ፊት የተገፋ ይመስላል። ምስሉ ሠዓሊው ጊልበርት ስቱዋርት በ1796 ከጀመሩት የጆርጅ ዋሽንግተን ሥዕል የተወሰደ ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ብዙ ተመልካች በዚህ ፊት ላይ የመሪን ቁጥብነት ያነብባል። ለጤና ባለሙያ ግን ምስሉ ሌላም ነገር ይናገራል፤ ይኸውም ጥርሱን አንድ በአንድ እያጣ አርባ ዓመት የኖረ ታካሚ ታሪክ ነው።

ዋሽንግተን የተወለዱት በ1732 ነው። በ1756፣ ገና የ24 ዓመት ወጣት መኮንን ሳሉ፣ ጥርስ ለነቀሉላቸው ዶክተር ዋትሰን ለተባሉ ሰው 5 ሺሊንግ መክፈላቸው በሒሳብ መዝገባቸው ሰፍሯል። ከዚያ በኋላ በደብዳቤዎቻቸው፣ በማስታወሻዎቻቸውና በሒሳብ መዛግብታቸው ውስጥ የጥርስ ሕመም፣ የድድ ማበጥና የጥርስ ሐኪም ክፍያ በየጊዜው እየተደጋገመ ይታያል።

ይህ ሁሉ የደረሰባቸው አፋቸውን ባለማጽዳታቸው ነው ለማለት አይቻልም። እኒያው መዛግብት የጥርስ ብሩሽ፣ የጥርስ ዱቄትና ለድድ ማጠንከሪያ ይታመንበት የነበረውን የከርቤ መድኃኒት ደጋግመው ይገዙ እንደነበር ያሳያሉ። በዘመኑ ሚዛን ሲታይ ለአፋቸው ንጽሕና የሚጠነቀቁ ሰው ነበሩ። ያጡት ትጋትን ሳይሆን ሕክምናን ነው።

በርግጥ የጥርስ ሕክምና በዚያን ዘመን ፈጽሞ አልነበረም ማለት አይደለም። ፈረንሳዊው ፒየር ፎሻር በ1728 ባሳተሙት መጽሐፍ ጥርስን የሚበላው ትል ነው የሚለውን የቆየ እምነት ተቃውመው፣ የተቦረቦረ ጥርስ እንዴት እንደሚሞላና በጥርስ ላይ የሚጋገረው ቆሻሻ እንዴት እንደሚፋቅ አስረድተው ነበር። ሆኖም ይህን ጥበብ የሚያውቁ ባለሙያዎች ጥቂት ነበሩ። ማደንዘዣ አልነበረም፤ ሆረስ ዌልስ ናይትረስ ኦክሳይድን ለጥርስ ነቀላ የሞከሩት በ1844፣ ዊልያም ሞርተን ኤተርን በአደባባይ ያሳዩት በ1846 ነው። በአፍ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ከምግብ አሲድ እየሠሩ ጥርስን እንደሚያበላሹ ዊልያም ሚለር በመጽሐፋቸው ያብራሩት ደግሞ በ1890 ነው። ስለዚህ ሕመም ለጸናበት ታካሚ የሚቀርበው መፍትሔ በአብዛኛው አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም ያለ ማደንዘዣ መንቀል ነው። ነቀላው የዕለቱን ሕመም ቢያስታግሥም የቀሩትን ጥርሶች አያድንም። ሕመሙም ወደሚቀጥለው ጥርስ ይዛወራል።

ጦርነትም ቢሆን ለዚህ ችግር ፋታ አልሰጠውም። በ1781 የአሜሪካ ነጻነት ጦር ዋና አዛዥ ሳሉ፣ ዋሽንግተን በፊላደልፊያ ለነበሩት የጥርስ ሐኪም ለዶክተር ቤከር ደብዳቤ ጻፉ። በቅርብ ጊዜ ወደዚያ ከተማ የሚመጡ ስለማይመስላቸው የጥርስ መፋቂያ መሣሪያዎችና በጥርሳቸው ላይ ያለውን ሽቦ ማጥበቂያ ጉጠት እንዲላክላቸው ጠየቁ። ደብዳቤው በእንግሊዞች እጅ ወደቀ። የጦር አዛዡ የግል ጉዳት በጠላት መዝገብ ቤት ውስጥ ተቀመጠ።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1784፣ በማውንት ቨርነን እርሻቸው መዝገብ ላይ ከሁሉም የሚከብድ አንድ መስመር ተጻፈ። ለፈረንሳዊው የጥርስ ሐኪም ለለሜየር ጉዳይ ከ«ኔግሮዎች» ለተገዙ 9 ጥርሶች 6 ፓውንድ ከ2 ሺሊንግ መከፈሉን ይገልጻል። ለሜየር ከአንድ ሰው አፍ የተነቀለን ጥርስ በሌላው አፍ ውስጥ መትከል እንደሚችሉ በጋዜጣ ያስተዋውቁ የነበሩ ሐኪም ናቸው። ጥርሶቹ በዋሽንግተን አፍ ውስጥ ስለመግባታቸው መዝገቡ አይናገርም፤ የሰጪዎቹንም ስም አይጠቅስም። ክፍያ ቢፈጸምም፣ በባርነት የተያዘ ሰው የጌታውን ጥያቄ እንቢ የማለት ነጻነት አልነበረውም። በዚያው እርሻ የሚሠሩት ሰዎች የራሳቸው የጥርስ ሕመም በማን ይታይ እንደነበር ለመጠየቅ ይህ አንድ መስመር በቂ ምክንያት ነው። የአንዱ አፍ መፍትሔ በሌላው አፍ ላይ ጉዳት ነበር።

ሚያዝያ 30 ቀን 1789 ዋሽንግተን የመጀመሪያው ፕሬዝዳንት ሆነው ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ በአፋቸው ውስጥ የቀረው አንድ ጥርስ ብቻ ነበር። የኒውዮርኩ የጥርስ ሐኪም ጆን ግሪንዉድ ከጉማሬ ጥርስ ቀርጸው፣ የሰው ጥርሶች ጨምረውበት፣ በወርቅ ሽቦና በናስ ብሎን አያይዘው ሰው ሠራሽ ጥርስ ሠሩላቸው። ይህ ሥራ በቀረችው አንዲት ጥርስ ላይ እንዲደገፍ ቀዳዳ ተበጅቶለት ነበር። ለእርሳቸው ከተሠሩት መካከል ሌላኛው፣ ዛሬ በማውንት ቨርነን የሚገኘው፣ በእርሳስ ላይ የተሠራ ከባድ ነገር ነው። የላይኛውንና የታችኛውን ክፍል የሚያገናኙት ሞላዎች ሁለቱን ወደየአቅጣጫው ስለሚገፉ አፍን ዘግቶ ለመቆየት ብቻ የመንጋጭላን ጡንቻ ማጥበቅ ያስፈልግ ነበር። የዶላሩ ፊት ቁጥብነት ከዚህም ጭምር የመነጨ ሳይሆን አይቀርም።

ሥልጣንም ሕመሙን አላስቀረላቸውም። በጥር 1790 ፕሬዝዳንቱ በማስታወሻቸው ላይ በጥርስ ሕመምና በድድ እብጠት ምክንያት ጤና እንዳጡ ጽፈዋል። በ1796 የመጨረሻዋ ጥርስም ወጣች፤ ግሪንዉድ ለመታሰቢያ አስቀሯት። በታኅሣሥ 1798፣ ከመሞታቸው አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ ዋሽንግተን ሰው ሠራሹ ጥርስ ከንፈሮቻቸውን ወደ ውጭ እየገፋ እንዳስቸገራቸው ለግሪንዉድ ገለጹ። ግሪንዉድም ጥርሱ የጠቆረው በፖርት ወይን ጠጅ ምክንያት መሆኑን ነግረው፣ ከምግብ በኋላ አውልቀው በንጹሕ ውኃ እንዲያስቀምጡት ወይም በብሩሽ እንዲያጸዱት መከሯቸው።

ዋሽንግተን የእንጨት ጥርስ ነበራቸው የሚለው ወሬ ግን እስከ ዛሬ ይነገራል። እስካሁን ከቆዩት ሰው ሠራሽ ጥርሶቻቸው በአንዱም ውስጥ እንጨት አልተገኘም። ወሬው ለመሳቂያ ያህል ቢነገርም እውነቱን ይሸፍናል፤ አርባ ዓመት የዘለቀውን ሕመምም፣ ከሌሎች አፍ የተወሰዱትን ጥርሶችም ያስረሳል።

ይህ ታሪክ ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ ቢያልፈውም ለዛሬ የጤና ባለሙያ የሚያስጨብጠው ቁም ነገር አለው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው ሪፖርት ወደ 3.5 ቢሊዮን የሚጠጉ ሰዎች በአፍ ውስጥ በሽታዎች እንደሚሠቃዩ ገልጿል። ዛሬ የበሽታው መንስኤ ይታወቃል፤ ማደንዘዣ አለ፤ የፍሎራይድ የጥርስ ሳሙና አለ፤ ጥርስን መሙላትና የድድን በሽታ ማከም ይቻላል። ያም ሆኖ ከጥርስ ክሊኒክ ርቆ ለሚኖር ወይም ለሕክምናው የሚከፍለው ለሌለው ጎልማሳ ምርጫው አሁንም እንደ ዋሽንግተን ዘመን መታገሥ ወይም ማስነቀል ነው።

ስለሆነም በመጀመሪያ ደረጃ ጥርሱ የተበላሸን ታካሚ በቸልተኝነት ከመውቀስ መቆጠብ ያስፈልጋል። የተወቀሰ ታካሚ አፉን ይዘጋል፤ ሕመሙንም ይደብቃል፤ ተመልሶ የሚመጣውም ፊቱ ካበጠ በኋላ ነው። በሁለተኛ ደረጃ የጎልማሳ የጥርስ ሕመም እንደ ስኳርና እንደ ደም ግፊት ሁሉ ክትትል የሚሻ የቆየ በሽታ መሆኑ ሊታወቅ ይገባል። የድድ በሽታና የስኳር በሽታ አንዱ ሌላውን እንደሚያባብስ የታወቀ ስለሆነ፣ በስኳር ክትትል ቀን የታካሚውን ድድ መመልከት ትርፍ ሥራ አይደለም። በመጨረሻም ጥርሱ ተነቅሎለት ሕመሙ የቆመለት ሰው ሕክምናው አልቋል ማለት አይደለም። ምን ማኘክ እንደተሳነው፣ ሲናገር ወይም ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍን እንደሆነ፣ የቀሩት ጥርሶቹስ በምን ሁኔታ ላይ እንዳሉ ሊጠየቅ ይገባዋል።

ዋሽንግተን ገንዘብም፣ ሥልጣንም፣ የዘመኑ የተሻሉ የጥርስ ሐኪሞችም ነበሯቸው። የዘመኑ ሕክምና ግን ከመንቀልና ከመተካት ብዙም ስላላለፈ ጥርሶቻቸውን ሊያተርፍላቸው አልቻለም። ዛሬ ጥርስን ማትረፍ የሚያስችለው እውቀት በእጅ ያለ በመሆኑ፣ ታካሚው አፉን እንዲከፍት በአክብሮት መጠየቅ የማንኛውም የጤና ባለሙያ የዕለት ሥራ ሊሆን ይገባል።