የጠፈርተኛው ላብ፦ የዚህ ወር የኮሚክስ ምርጫዎቼ

ወር በገባ ቁጥር የማነባቸውን ኮሚክሶች እዚህ እንደምጽፍ የምታውቁ ታውቃላችሁ። የማታውቁ፣ በተለይ ስለ አድዋና ስለ ዓለም ጦርነቶች ሳስተምር ብቻ የምታስታውሱኝ የድሮ ተማሪዎቼ፣ «መምህር አሁንም የልጆች ሥዕል ነው የሚያነቡት?» ብላችሁ ብትስቁ አልቀየማችሁም። ግን ቸርችል ጎዳና ባሉት የስጦታ ዕቃ ሱቆች የንግሥተ ሳባን ታሪክ በረድፍ በረድፍ፣ በትንንሽ ሣጥን ተሥሎ አይታችኋል አይደል? ከመጀመሪያዋ ሣጥን ጀምራችሁ እስከ መጨረሻዋ ስትከተሉ ምኒልክ ተወልዶ፣ አድጎ፣ አባቱን ሊያይ ይሄዳል። ያንን ማንም የልጆች ሥዕል አይለውም። ኮሚክስም አሠራሩ ይኸው ነው።

በዚህ ወር አዲስ ነገር አልገዛሁም። ሦስት የቆዩ ሥራዎችን ከመደርደሪያ አውርጄ በቅደም ተከተል እያነበብኩ ነው፤ የ1953ቱን፣ የ1957ቱንና ከ2013 እስከ 2016 የወጣውን። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ሦስቱንም የሚያገናኛቸው አሜሪካ በ1954 የገባችበት አንድ ጣጣ ነው።

የመጀመሪያው «የፍርድ ቀን» ይባላል። አጭር ታሪክ ነው፤ ጸሐፊው አል ፌልድስታይን፣ ሠዓሊው ጆ ኦርላንዶ። «ዊርድ ፋንታሲ» በተባለው የኢሲ ኮሚክስ መጽሔት 18ኛ ዕትም ላይ ነው የወጣው። ታርልተን የተባለ ጠፈርተኛ ሮቦቶች ብቻ ወደሚኖሩባት ፕላኔት ይላካል። ፕላኔቷ ወደ ታላቁ የጋላክሲ ሪፐብሊክ ለመግባት አመልክታለች፤ ብቁ መሆን አለመሆኗን የሚወስነው እሱ ነው። ብርቱካንማ ቀለም ያላቸው ሮቦቶች ተቀብለው ከተማቸውንና ፋብሪካቸውን ያስጎበኙታል። ሰማያዊዎቹስ የት ናቸው? ሲል ይጠይቃል። ሰማያዊዎቹ የሚኖሩት ተለይተው በሌላ ሰፈር ነው፤ አውቶቡስ ላይም ከኋላ ነው የሚቀመጡት። ታርልተን ሲመረምር ከላይኛው ሽፋን ቀለም በቀር የሁለቱም አካል አንድ ዓይነት ሆኖ ያገኘዋል። ልዩነቱ የሚመጣው ከተሠሩ በኋላ በሚሰጣቸው ትምህርት ነው። ስለዚህ «ገና ናችሁ» ብሎ ማመልከቻውን ውድቅ ያደርጋል። እስከዚህ ድረስ ፊቱን አላየንም፤ ታሪኩን በሙሉ የራስ ቁር እንዳጠለቀ ነው። መንኮራኩሩ ውስጥ ገብቶ፣ በመጨረሻዋ ሣጥን ቁሩን ሲያወልቅ ጥቁር ሰው ነው። ፊቱ ላይ የላብ ጠብታዎች ያብረቀርቃሉ። እዚያው ላይ ያልቃል።

አስቡት እንግዲህ፤ ይህ ሲታተም ሮዛ ፓርክስ በሞንትጎመሪ አውቶቡስ ላይ አልነሣም ብላ ከመታሰሯ ከሁለት ዓመት በላይ ይቀድማል። የአውቶቡሱን የኋላ ወንበር በአስር ሳንቲም መጽሔት ላይ ሥለው ለነጭ ልጆች ሸጡት።

የዚያ ዘመን ኮሚክስ ርካሽ ነበር፤ ወረቀቱም ርካሽ፣ ለሠሪዎቹ የሚከፈለውም ርካሽ። ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር፣ የአይሁድ ስደተኞች ልጆች፣ የሱፐርማንን መብት የሸጡት በ130 ዶላር ነው። (አዎ፣ መቶ ሠላሳ!) «ደህና» የሚባለው የኅትመት ሥራ በሩን ያልከፈተላቸው ብዙ የስደተኛ ልጆች እዚህ ነበር እንጀራቸውን የሚያገኙት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን የወንጀልና የአስፈሪ ታሪኮች ገበያ ደራ። ደም፣ መጥረቢያ፣ ከመቃብር የሚነሣ ሬሳ… ወላጅ ቢደነግጥ አልፈርድበትም። አንዳንዶቹ ዛሬ እኔን ራሴን ያስጠሉኛል። በ1948 በዌስት ቨርጂኒያ በስፔንሰር ከተማ፣ በኒው ዮርክ ግዛት ደግሞ በቢንግሃምተን፣ የትምህርት ቤት ልጆች ኮሚክሳቸውን ከምረው አቃጠሉ። ናዚዎች መጽሐፍ ካቃጠሉ 15 ዓመት፣ ናዚዎች ከተሸነፉ ደግሞ ገና ሦስት ዓመት ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ሰውዬ ልምጣ፤ ዶክተር ፍሬድሪክ ወርታም። ጀርመን የተወለደ የአእምሮ ሐኪም ነው። የኮሚክስ አፍቃሪዎች ስሙ ሲነሣ ፊታቸው ይጠቁራል። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ለእኔም ለማስረዳት በቀለለኝ ነበር። ነገር ግን ወርታም በ1946 ሃርለም ውስጥ፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት፣ ላፋርግ የተባለ ክሊኒክ ከፈተ። ደራሲው ሪቻርድ ራይት ከአጋዦቹ አንዱ ነበር። ክፍያው 25 ሳንቲም ነው፤ የሌለው በነፃ ይታከማል። ጥቁሮች የአእምሮ ሕክምና የሚያገኙበት ቦታ በጠፋበት ዘመን ማለት ነው። ይህ ብቻ አይደለም። በደላዌር ግዛት የጥቁር ወላጆች ልጆቻችን ከነጮች ተለይተው አይማሩም ብለው ሲከሱ፣ ወርታም ልጆቹን መርምሮ መለያየቱ አእምሯቸውን እንደሚጎዳ ለፍርድ ቤት መሰከረ። ወላጆቹ ረቱ። ጉዳዩ ከሌሎች አራት ጋር ተጣምሮ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በሜይ 17 ቀን 1954 የተወሰነው፣ ክፍል ውስጥ ያስተማርኳችሁ የብራውን ፍርድ ይኸው ነው።

ያው ሰው በዚያው ዓመት «ሲዳክሽን ኦፍ ዚ ኢኖሰንት» የሚለውን መጽሐፉን አወጣ፤ ኮሚክስ ልጆችን ወደ ወንጀል ይመራል የሚል። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄው ከዳው። የመዝገብ ወረቀቶቹ ለተመራማሪዎች ከተከፈቱ በኋላ ካሮል ቲሊ የተባለች ምሁር አገላብጣ በ2012 እንዳሳየችው፣ የልጆቹን ቃል ቆርጦ ቀጥሏል፣ ለክርክሩ የማይመቸውን ጥሏል። በኤፕሪል 1954 የሴኔት ንዑስ ኮሚቴ ኒው ዮርክ ላይ ተሰየመ። በመጀመሪያው ቀን ወርታምም መሰከረ፣ የኢሲው ባለቤት ዊሊያም ጌይንስም መሰከረ። ሴናተር ኪፎቨር የተቆረጠ የሴት ጭንቅላትና ደም የነካው መጥረቢያ ያለበትን ሽፋን አንሥተው ይህ ጨዋነት ነው ወይ ሲሉት፣ ጌይንስ ለአስፈሪ ኮሚክስ አዎን ብሎ መለሰ። በቃ፣ ያንን ቀን ተሸነፈ።

እኛ ሳንሱር ሲባል ወዲያው የሚታየን የመንግሥት ቢሮ ነው፤ ቀይ እስክሪብቶ የያዘ ሠራተኛ፣ ማኅተም፣ ወረፋ። በአሜሪካ መንግሥት ሕግ አላወጣም። አሳታሚዎቹ ራሳቸው ፈርተው ማኅበር አቋቋሙ፣ በኦክቶበር 1954 ደንብ አጸደቁ፣ ቻርልስ መርፊ የሚባል ዳኛ ቀጥረው ሾሙበት። ማኅተሙ የሌለበትን መጽሔት አብዛኛው አከፋፋይ አይነካውም። በደንቡ መሠረት «ሆረር» እና «ቴረር» የሚሉ ቃላት በርዕስ ላይ መግባት አይችሉም። ወርታም የጠየቀው ለሕፃናት እንዳይሸጥ የሚል ሕግ እንጂ ይህን አልነበረም፤ ደንቡንም አልወደደውም። ግን እሳቱን ያቀጣጠለው እሱ ነው።

ጌይንስ አስፈሪዎቹን ዘጋ። በ1956 መጀመሪያ «ኢንክሬዲብል ሳይንስ ፊክሽን» 33ኛ ዕትም ላይ ሊያወጣ የነበረው አንድ ታሪክ ስለተከለከለ በምትኩ የድሮውን «የፍርድ ቀን» ላከ። መርፊ ጠፈርተኛው ጥቁር መሆን የለበትም አለ። ፌልድስታይን ተከራከረ፤ እሱ ጥቁር ካልሆነ ታሪኩ ምን ትርጉም አለው? በደንቡ ውስጥ ጥቁር ሰው አይሣል የሚል አንድም መስመር የለም። እንዲያውም የሃይማኖትና የዘር ማንቋሸሽ ክልክል ነው ይላል! ጌይንስ ስልክ ደውሎ ነገሩን አደባባይ አወጣዋለሁ ሲል፣ መርፊ ትንሽ አፈገፈገና ቢያንስ ላቡን አጥፉት አለ። ላቡን! ጌይንስ በስድብ ስልኩን ዘጋ፤ ታሪኩንም ከነላቡ አሳተመው። ከዚያ በኋላ ኢሲ ሌላ ኮሚክስ አላወጣም። የተረፈለት ወደ መጽሔት የተቀየረው «ማድ» ብቻ ነው።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ይህ ነው። የጥቁር ልጆች የትምህርት ቤት በር እንዲከፈትላቸው የመሰከረው ሰው ዘመቻ የወለደው ቢሮ፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላ የጥቁር ሰው ፊት ከወረቀት ላይ ይጥፋ አለ። ወርታም ኮሚክስ ጥቁሮችን እንደ አውሬ መሣሉን አጥብቆ ያወገዘ ሰው ነው፤ በመጽሐፉም ውስጥ አለ። መሣሪያውን ግን ለሌላ ሰው ሠርቶ ሰጠ።

ሁለተኛው ምርጫዬ ያንን ማኅተም ጭራሽ ያልጠየቀ ነው። «ማርቲን ሉተር ኪንግ እና የሞንትጎመሪ ታሪክ»፣ 16 ገጽ፣ አስር ሳንቲም፣ ዲሴምበር 1957። ያሳተመው ፌሎውሺፕ ኦፍ ሪኮንሲሊዬሽን የተባለ የሰላም ድርጅት ነው። በኪዮስክ ሳይሆን በአብያተ ክርስቲያናትና በሲቪል መብት ቡድኖች በኩል፣ ከእጅ ወደ እጅ ነው የተሠራጨው። ሥዕሉ ድንቅ አይደለም፤ እውነቱን ለመናገር የኦርላንዶ ጥራት የለውም። መጨረሻው ላይ ግን ሰላማዊ ትግል እንዴት እንደሚካሄድ እንደ ምግብ አሠራር ደረጃ በደረጃ ያስረዳል። ቄስ ጄምስ ላውሰን በናሽቪል ተማሪዎችን ሲያሠለጥኑ ተጠቀሙበት። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ወደ ዐረብኛ ተተርጉሞ ግብፅ ደርሷል።

ከላውሰን ሠልጣኞች አንዱ ጆን ሉዊስ ነበር፤ ኋላ የኮንግረስ አባል የሆነው። ሦስተኛው ምርጫዬ የእሱ «ማርች» ነው፤ ሦስት ቅጽ፣ ከአንድሩ አይዲን ጋር የጻፈው፣ ኔት ፓወል የሣለው። ኮሚክስ እንዲጽፍ የወተወተው አይዲን ነው፤ ያ የአስር ሳንቲም መጽሔት እንዳለ ከሉዊስ ሰምቶ፣ በኋላም የማስተርስ ጥናቱን ሠራበት። የፓወል ሥዕል ጥቁርና ነጭ ብቻ ነው፤ የሴልማ ድልድይ ላይ ስትደርሱ ጥቁሩ ገጹን ሊውጠው ይደርሳል። ያን ገጽ ሁለት ቀን አልገለበጥኩትም። ሦስተኛው ቅጽ በ2016 የአሜሪካ ብሔራዊ የመጽሐፍ ሽልማትን አገኘ። ሉዊስ ሽልማቱን ሲቀበል እያለቀሰ የተናገረው ስለ 1956 ነው፤ ያ «የፍርድ ቀን» ከነላቡ የታተመበት ዓመት። የ16 ዓመት ልጅ ሆኖ ከወንድሞቹና ከእህቶቹ ጋር አላባማ ውስጥ ወደ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሄዶ መታወቂያ ሲጠይቅ፣ ለነጮች ብቻ ነው ተብሎ ተመልሷል።

ሦስቱም ቅጾች እኔ ዘንድ አሉ። አዲስ አበባ ያላችሁ መዋስ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ በተራ ነው፣ ገጽ ማጠፍ ግን ክልክል ነው።