የፊት እግር ድምፅና የአሶሳ መንገድ

መኪና አፍ የለውም፤ ነገር ግን ሕመሙን ሳይናገር በድንገት የሚወድቅ መኪና ጥቂት ነው። በተለይም በአራቱም ጎማ እየሳበ በጭቃና በድንጋይ የሚሄደው ካሚዮን ከፊት እግሩ የሚያሰማው ድምፅ፣ ለሚያስተውል ነጂ አስቀድሞ የተላከ ማስጠንቀቂያ ነው። በዛሬው ንግግራችን ይህ ድምፅ ከምን እንደሚመጣ፣ እንዴት እንደሚለይና እንዴት እንደሚታደስ እንመለከታለን። ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ግን አስቀድሞ የእንዲህ ያለውን መኪና ታሪክ፣ ከዚያም ጋራ ይህን መኪና አጥብቆ የሚፈልገውን የአሶሳንና የአካባቢውን መንገድ ታሪክ ማወቅ ይገባል።

በ1900 ዓ.ም. ለዳግማዊ ዓፄ ምኒልክ የመጣው አውቶሞቢል አዲስ አበባ ሲገባ የሞተሩ ኃይል የሚደርሰው ለኋላ ጎማዎች ብቻ ነበር። የኋላው ይገፋል፤ የፊቱ አቅጣጫ ያሳያል። የፊቱም ጎማ እንዲስብ ማድረግ ብዙ ያስቸገረው፣ ጎማው ወደ ግራና ወደ ቀኝ በሚታጠፍበት ጊዜ ኃይል የሚያደርሰው ዘንግ አብሮ እንደ ጉልበት መታጠፍ ስላለበት ነው። በዚያው ዘመን፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1908፣ በአሜሪካ በዊስኮንሲን ግዛት በክሊንተንቪል ከተማ ኦቶ ዛኮውና ዊልያም ቤሰርዲች የተባሉ ሰዎች መታጠፊያውን በኳስ መሰል ብረት ውስጥ አድርገው በአራቱም ጎማ የሚሄድ መኪና ሠሩ። ከእነርሱ ሥራ የተነሣው ኩባንያም በአንደኛው የዓለም ጦርነት ብዙ ሺህ ካሚዮኖችን አቀረበ።

ነገር ግን በመስቀል ቅርጽ የተሠራው የቀድሞው መታጠፊያ አንድ ጉድለት ነበረበት። ዘንጉ በብዙ ሲታጠፍ በአንዱ ዙር ውስጥ ሁለት ጊዜ ይፈጥናል፣ ሁለት ጊዜ ይዘገያል፤ መሪውም በነጂው እጅ ይንቀጠቀጣል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1920ዎቹ ዓመታት አልፍሬድ ርዜፓ የተባለው መሐንዲስ ስድስት የብረት ኳሶች በቦያቸው ውስጥ የሚንሸራተቱበትን መታጠፊያ ፈልስፎ ይህን ጉድለት አስወገደ። ዛሬም ብዙዎቹ መኪናዎች የሚጠቀሙት በዚሁ መሠረት በተሠራው ነው። እንግዲህ የፊቱ እግር ሸክም ይሸከማል፣ አቅጣጫ ይይዛል፣ ፍሬን ይቀበላል፣ በዚህም ላይ ይስባል። በአንድ እግር ላይ አራት ሥራ ከተጫነ ቀድሞ የሚደክመውና ቀድሞ የሚጮኸው እርሱ መሆኑ ሊያስደንቅ አይገባም።

አሁን ወደ አገራችን ምዕራብ እንመለስ። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ዓፄ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ሲመለሱ በኦሜድላ በኩል የኢትዮጵያን ምድር ረገጡ። ከዚያ እስከ በላያ ተራራ ያለው ቆላ ዛሬ በመተከል ዞን ውስጥ ይገኛል። ካሚዮኖቹ በደረቅ ወንዞች ገደልና በድንጋዩ እጅግ ተቸገሩ፤ የዘመቻው ስንቅና ጥይት በብዛት የተጫነው በግመል ነበር። ለዚሁ ሥራ ከተሰበሰቡት 15 ሺህ ያህል ግመሎች አብዛኞቹ በመንገድ አለቁ። በደቡብም በኩል ከቤልጅግ ኮንጎ የመጣው ጦር ከሱዳን ተሻግሮ መጋቢት 2 ቀን 1933 ዓ.ም. አሶሳን ያዘ። ወደ ጋምቤላና ወደ ደምቢ ዶሎ የዘለቀው ይኸው ጦር ዝናቡ ሲበረታ ከጠላት ጥይት ባላነሰ የስንቅ እጦት አሠቃየው፤ መኪናው ከወንዙ ማዶ ቆሞ ወታደሩ ይራብ ነበርና።

ጠላት በአምስቱ ዓመት ውስጥ ከተዋቸው ነገሮች አንዱ የጋራዥ ቋንቋ ነው። መካኒኮቻችን ዛሬም ጎማው ተደላድሎ የሚዞርበትን ኩሽኔታ፣ ሸክሙን የሚያነጥረውን ባሌስትራ፣ የዘንጉን መስቀል ክሮቼራ፣ መኪና ማንሻውን ክሪክ የሚሉት ከጣልያንኛ ወስደው ነው። ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ ጂፕና ላንድሮቨር መጡ። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጐዳና ባለ ሥልጣን ተቋቁሞ መንገዶች እየተስፋፉ ሄዱ። በ1977 ዓ.ም. በድርቁ ምክንያት ከወሎ ብዙ ሕዝብ ተጓጉዞ በአሶሳ አካባቢ ሲሰፍር፣ በ2003 ዓ.ም. በጉባ የታላቁ የህዳሴ ግድብ ሥራ ሲጀመርና ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. እስኪመረቅ ድረስ፣ በዚህ ምድር ላይ የከባድ መኪና ድምፅ እየበዛ ሄደ። ይሁን እንጂ አሶሳ ከአዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ከከተማዋ ወጥቶ ወደ ገጠር ቀበሌዎች ለሚሄድ ነጂ መለዋወጫ የሚገኘው በሩቅ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጋራዥ የገዛ ጆሮው ነው።

ጆሮ ግን ሥርዓት ይፈልጋል። ድምፅ በተሰማ ቁጥር ዕቃ መለወጥ ገንዘብ ማባከን ነው፤ ሕመሙም ባለበት ይቀራል። ብልህ መካኒክ «ምን ይላል?» ብሎ ብቻ አይጠይቅም፤ «መቼ ይላል?» ብሎም ይጠይቃል።

መሪው እስከ መጨረሻው ተጠምዝዞ ኃይል ሲሰጠው «ቀጭ፣ ቀጭ» የሚል ከሆነ፣ ያ ባለ ስድስት ኳሱ መታጠፊያ ተበልቷል ማለት ነው። በለስላሳ መሬት ላይ የፊቱን ኃይል አስገብቶ በዝግታ ወደ ቀኝም ወደ ግራም በመዞር ይረጋገጣል። ማርሽ ከፊት ወደ ኋላ ሲለወጥ አንድ ጊዜ «ጓ» የሚል ከሆነ ክሮቼራው ይመርመር። በጕድጓድና በድንጋይ ላይ ብቻ የሚንኳኳ ከሆነ የባሌስትራው ማሰሪያ ላልቷል፣ ወይም ቅጠሉ ተሰብሯል፣ ወይም የላስቲክ ማረፊያው አልቋል። ፍሬን ሲያዝ የሚፋጭ ከሆነ ሸራው አልቆ ብረት ከብረት ጋራ መገናኘቱ ነው፤ ይህ ለነገ አይባልም።

ከፍጥነት ጋራ እያደገ እንደ ንብ የሚያጕረመርም ድምፅ ብዙ ጊዜ የኩሽኔታ ነው። መኪናው ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ሸክሙ ወደ ግራ ያዘነብላልና፣ ያን ጊዜ ድምፁ ከበረታ ሕመሙ በግራው ጎማ ነው። ነገር ግን ተዛንፎ የተበላ ጎማም እንዲሁ ያጕረመርማልና አስቀድሞ ጎማዎቹን ከፊት ወደ ኋላ አዘዋውሮ መስማት ይገባል። ድምፁ ቦታ ከለወጠ ጥፋቱ የጎማው ነው።

ከዚህ በኋላ መኪናው በክሪክ ይነሣ፤ ከሥሩም ጠንካራ ድጋፍ ይደረግለት፤ የቀሩት ጎማዎች በድንጋይ ይታገዱ። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር መግባት ሕይወትን መወራረድ ነው። ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ሲነቀንቁት ከተላወሰ ሌላ ሰው ፍሬኑን ይርገጥ። ሲረገጥ መላወሱ ከቀረ ኩሽኔታው ነው፤ ካልቀረ እግሩ የሚታጠፍበት መጋጠሚያ ነው። ከግራና ከቀኝ ሲነቀነቅ ብቻ የሚላወስ ከሆነ ደግሞ የመሪው ዘንግ ጫፎች ይታዩ። እነዚህ ሁለቱ መጋጠሚያዎች ሲሰበሩ ጎማው ከነጂው ትእዛዝ ይወጣልና፣ በእነርሱ ላይ «እስከ ከተማ ያድርሰኝ» የሚባል ነገር የለም።

ጥገናውም ትዕግሥት ይጠይቃል። ኩሽኔታው በናፍጣ ታጥቦ፣ ተንከባላዮቹና የሚሮጡበት ቀለበት በብርሃን ይመርመሩ። የተቦረቦረ ካለ ኩሽኔታውና ቀለበቱ አብረው ይለወጡ፤ አዲሱን ከአሮጌው ጋራ ማጋባት አዲሱንም ያበላሻል። ንጹሕ ግሪስ በእጅ እየታሸ ይሞላ፤ ዘይት ጠባቂው ቀለበት በአዲስ ይተካ። ከጥቂት ጉዞ በኋላም የጎማው እምብርት በእጅ ይዳሰስ። ፍሬን ሳይበዛበት እጅ እስኪያቃጥል ከጋለ ማጥበቁ በዝቷል። የመታጠፊያው የላስቲክ ልባስ የተቀደደ እንደሆነ፣ ድምፅ ሳይጀምር ልባሱንና ግሪሱን ብቻ መለወጥ ይበቃል። አቧራና ውኃ ከገባ በኋላ ግን መታጠፊያው ራሱ መለወጥ አለበት። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

ለአሶሳ ምድር ሦስት ነገሮች በተለይ ይታወሱ። በሩጫ የጋለ የጎማ እምብርት በድንገት ቀዝቃዛ ወንዝ ውስጥ ሲገባ ውስጡ ያለው አየር ይሰበሰብና ውኃ ይስባል። ስለዚህ ወንዝ የበዛበት ጉዞ ካለቀ በኋላ ግሪሱ ይታይ፤ ወተት ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል። ሁለተኛ፣ በቸርኬው ውስጥ የደረቀ ጭቃ ጎማውን ያንቀጠቅጠዋል፤ በፍሬኑ መከለያ የገባች ጠጠርም ታስጮኸዋለች። ከመፍታት በፊት ማጠብ ይቅደም። ሦስተኛው አስፋልት ራሱ ያመጣው ነው። በብዙዎቹ ካሚዮኖች የፊቱና የኋላው ኃይል ሲገናኝ ሁለቱ በእኩል እንዲዞሩ ይገደዳሉ። በማጠፊያ ላይ ግን የፊቱ እግር ከኋላው የበለጠ መንገድ ይሄዳል። ጭቃው ልዩነቱን በመንሸራተት ይውጠዋል፤ ደረቅ አስፋልት አይውጠውም። ከጭቃ ወጥቶ የፊቱን ኃይል ሳያላቅቅ የሚሄድ ነጂ መሪው ሲከብደውና ከፊት ሲያንኳኳበት መኪናው የተሰበረ ይመስለዋል። ማርሹን ቢመልስ ድምፁ ይጠፋል፤ ካልመለሰ ግን እውነተኛ ስብራት ይከተላል።

የተከበራችሁ አንባቢያን፤ የግመሎቹ አጥንት በቆላው የቀረበት ዘመን አልፏል። ነገር ግን በዝናብ ወራት ምጥ የያዛትን ሴት ወደ አሶሳ ሆስፒታል የሚያደርሰው፣ ዘርና መድኃኒት ለገበሬው የሚያቀርበው ዛሬም ያው በአራት እግሩ የሚስበው መኪና ነው። የእርሱ ጤና የብዙ ሰው ጤና ነው። ስለዚህ ነጂው ከመነሣቱ በፊት ሬዲዮኑን አጥፍቶ፣ መስኮቱን ከፍቶ፣ በዝግታ ወደ ቀኝና ወደ ግራ እየታጠፈ ጥቂት ደቂቃ ያዳምጥ። በከተማ በአንድ ቀን የሚታደሰው ሕመም በጫካ መካከል ቢጸና፣ ዋጋውን የሚከፍለው ነጂው ብቻ አይደለምና።