ቴስታ ማሰር፦ ከክንድ ወደ ቁጥር

ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ የጭነት መኪና ሞተሩ የሚፈተነው ዓባይ በረሃ ላይ ነው። ከጎሃ ጽዮን ወርዶ ወንዙን ተሻግሮ ደጀን እስኪደርስ ከአንድ ሺሕ ሜትር በላይ ቁልቁለት፣ ያንኑ ያህል ደግሞ ዳገት ይጠብቀዋል። ሞተሩ ከልክ በላይ ከጋለ ከሁሉ በፊት የሚያሰጋው በቴስታው፣ ማለትም በሞተሩ ክዳን፣ እና በብሎኩ መካከል ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮን፣ ነው። እሱ ከተቃጠለ ውኃ ዘይት ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ያን ጊዜ ዘይቱ ወተት የነካው ይመስላል። ከፍታውም ያስቸግራል፤ ጣና ዳር፣ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ውኃ 94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ይዞ ባያግዘው ኖሮ ሞተሩ ሜዳ ላይም ሊንተከተክ ይችል ነበር።

በወረራው ዘመን ጣሊያኖች ጣና ዳር ያለችውን ጎርጎራን የሞተር ጀልባ ወደብ አደረጓት። እነሱ ከሄዱም በኋላ ቴስታና ጓርኒሲዮን የሚሉት ቃላት ሳይቀሩ የጋራዡ ቋንቋ የእነሱ ሆኖ ቀረ፤ መንገዱንም የፊያቱ የጭነት መኪና ኤንትሬ ለብዙ ዓመታት ገዛው። ሙያው ከዋና መካኒክ ወደ ረዳት በዓይንና በእጅ ተላለፈ። ብሎን የሚጠብቀው በክንድ ግምት ነበር፤ ይህን እንደ ድንቁርና ማየት ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። ወፍራም ብሎንና የብረት ቴስታ ለለመደ እጅ ትንሽ ስሕተት ይችሉለታል።

ቮልስ ግን አይችልም። በ1600ው ሞተር 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የቴስታ ብሎን የሚፈልገው 32 ኒውተን ሜትር ብቻ ነው፤ ባለ 8 ሚሊ ሜትሩ ደግሞ 25። ብሎኑ የተተከለበት ቤት ማግኒዥየም ስለሆነ ጉልበተኛ መካኒክ ጥርሱን ነቅሎ ያወጣዋል።

ልክ ማወቂያው ቶርክ ሬንች በ1918 እ.ኤ.አ. የኒውዮርክ ውኃ መሥሪያ ቤት ባልደረባ የነበረው ኮንራድ ባር የፈለሰፈው እንደሆነ ይነገርለታል፤ ዓላማው የቧንቧ ብሎኖች ከመጠን በላይ እንዳይጠብቁ ነበር። ባሕር ዳር ላይ ደግሞ በ1963 እ.ኤ.አ. በሶቪየት ኅብረት ትብብር ፖሊ ቴክኒክ ተቋቋመ። የእርሻ መካኒክና የብረታ ብረት ሙያ በክፍል ውስጥ መሰጠቱ ለከተማዋ ትልቅ ነገር ነበር፤ እጅ የሚያውቀው መጽሐፍም አገኘ። የሶቪየቶቹ ላዳ ቴስታ በሁለት ዙር ይታሰራል፤ መጀመሪያ እስከ 40፣ ቀጥሎ እስከ 115 ኒውተን ሜትር ገደማ። ማጥበቁ ከመሐል ተጀምሮ ወደ ዳር ይሄዳል፤ ጓርኒሲዮኑ ሳይሸበሸብ የሚተኛው እንዲያ ሲሆን ነው።

ቁጥሩም ቢሆን ብቻውን አያድንም። ቁልፉ ላይ ከሚያርፈው ጉልበት ብሎኑን የሚወጥረው አሥር በመቶ ያህሉ ነው፤ ቀሪውን ሰበቃ ይበላዋል። ጥርሱ ከዛገ ወይም ዘይት ካልነካው ቶርክ ሬንቹ ትክክለኛውን ልክ እያሳየ ቴስታው ላላ ብሎ ይቀራል። ሀይሉክስና ሀያስ ላይ የሚገኘው የቶዮታ 3ኤል ዲዝል የመጣው ለዚህ መልስ ይዞ ነው፦ 78 ኒውተን ሜትር ከታሰረ በኋላ ብሎኑ ላይ በፊት በኩል ቀለም ይነካል፣ 90 ዲግሪ ይዞራል፣ እንደገና 90። ቀለሙ ወደ ኋላ ከዞረ ሥራው ተጠናቋል። በዚህ ዓይነት አስተሳሰር ብሎኑ ይሳባል፤ ስለዚህ አንዳንድ አምራቾች በአዲስ እንዲተካ ያዝዛሉ፣ ሌሎች ርዝመቱ ወይም ውፍረቱ እንዲለካ። ከፈረሰ ሞተር የተለቀመ ብሎን ሳይለካ መልሶ ማሰር ዓባይ በረሃ ላይ ያንኑ ጓርኒሲዮን ዳግም ያስቃጥላል።