የጤፍ ተመራማሪውና የምሥራቅ ጎጃም ገበሬ

ስለ ብቸናና ስለ ሞጣ ጤፍ የሚናገር ሰው ብዙ ጊዜ የሚያነሣው የእህሉን ንጣትና የዋልካውን መሬት ልምላሜ ነው። እህሉን ለማሻሻል የደከሙትን ሊቃውንት የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። ከእነርሱ አንዱ ዶክተር ታረቀ በርሄ ናቸው። የሥራ ዘመናቸው በምርምር ጣቢያና በሕዝብ አገልግሎት መካከል የተከፈለ ሲሆን፣ በሁለቱ ስፍራዎች የገጠማቸው ችግር አንድ ዐይነት አልነበረም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጤፍ ለተመራማሪ የማይመች እህል ነው። አንዲት የስንዴ ቅንጣት 150 ያህል የጤፍ ቅንጣት ትመዝናለች ይባላል። አበባውም በዚያው ልክ ደቃቅ ነው፤ ወንዴውና ሴቴው በአንድነት ስላሉበት ራሱን በራሱ ያዳቅላል። ስለዚህ የቀድሞዎቹ ተመራማሪዎች ይሠሩት የነበረው ከየአገሩ ከተሰበሰበው ዘር የተሻለውን መምረጥ ብቻ ነበር። ነጩን ጤፍ ከምርታማው ጋር አዳቅሎ ሦስተኛ ዘር ማግኘት የማይቻል ይመስል ነበር፤ አበባው ሳይከፈት ዘር ይቋጥራል ተብሎ ይታመን ነበርና።

ዶክተር ታረቀ በ1975 ባሳተሙት ጽሑፍ አበባው ጧት አንድ ሰዓት ገደማ ለጥቂት ጊዜ እንደሚከፈት አስታወቁ። ይህ ሰዓት መሥሪያ ቤት ከመከፈቱ በፊት ነው፤ ምናልባትም ከዚያ በፊት ሳይታይ የቆየው አንዱ ምክንያት ይኸው ይሆናል። ከዚህ ወዲህ የማዳቀሉ ሥራ መልክ ያዘ፤ ይኸውም ወንዴው ከዋዜማው በማጉያ መሣሪያ እየታየ ይነቀላል፤ በማግሥቱ አበባው ሲከፈት የሌላው ጤፍ ብናኝ ይደረግበታል። በዚህ ዘዴ መናገሻ በ1982፣ ጸደይ በ1984 ለገበሬው ተለቀቁ። በ2006 የወጣው ቁንጮም ከማኛና ከዱከም የተወለደ፣ የሌሎች ተመራማሪዎች ድካም ፍሬ ነው፤ ንጣቱን ከማኛ፣ ምርታማነቱን ከዱከም ወርሶአል።

ዶክተር ታረቀ ከኔብራስካ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ማዕርግ ካገኙ በኋላ ሳሳካዋ ግሎባል 2000 በተባለው ድርጅት በልዩ ልዩ የአፍሪካ አገሮች አገለገሉ። ወደ አገራቸው ሲመለሱ በግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ የጤፍን ሥራ ያዙ። ክርክራቸው ቀላል ነበር፦ ገበሬው ለአንድ ሄክታር ከ25 እስከ 50 ኪሎ ዘር ሲበትን ቡቃያው ይፋፈጋል፤ ይጋሸባል፤ 5 ኪሎ ያህሉ በመስመር ቢዘራ ግን አገዳው ይጠነክራል፤ ምርቱም ይጨምራል።

እዚህ ላይ የአገሩን ታሪክ ማስታወስ ያስፈልጋል። በ1967 የታወጀውን የእርሻ ገቢ ግብር በመቃወም በ1968 የሞጣና የብቸና ገበሬ ተነሥቶ ነበር። ቀደም ሲልም የመሬት ልኬት ርስቱን የሚያሳጣው እየመሰለው ታግሏል። በ1968 ጦርና አውሮፕላን ተልኮበት፣ የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ተነሡ፤ በሚቀጥለው ዓመትም ውዝፉ ግብር ተማረ። እንግዲህ ገመድ ይዞ ወደ ማሳ የሚገባ የመንግሥት ሠራተኛ በእነዚህ አውራጃዎች መልካም ስም አልነበረውም። የመስመር ዘር ገመድ ግብር አስከፋይ እንዳልሆነ ግልጽ ነው፤ ይሁን እንጂ በዘመቻ መልክ ከላይ የመጣ ትእዛዝ ስለ ነበር፣ መስመሩን ለማሳየት ያህል ከመንገድ ዳር ብቻ የዘራ ገበሬ ቢገኝ የሚያስደንቅ አይመስለኝም።

ዋናው እንቅፋት ግን ጉልበት ነው። በሐምሌና በነሐሴ፣ ዋልካው ጭቃ ሆኖ እግር በሚይዝበት ሰዓት፣ በብተና አንድ ሰው የሚጨርሰውን ማሳ በመስመር ለመዝራት ብዙ እጅ ያስፈልጋል፤ ልጆቹ ትምህርት ቤት የዋሉበት ቤት ያን እጅ ከየት ያመጣል? ብዙዎች የዘሩን መጠን ቀንሰው፣ የተሻለውን ዘር ተቀብለው፣ መስመሩን ትተውታል። ቁንጮ ግን በብተናም በመስመርም እየተዘራ በምሥራቅ ጎጃም ማሳ ተዛምቶአል።