የመላእክት ከተማ መዋጮ፦ የትምህርት ቤት መድረክ ተሠርቶ እስኪታደስ

የእስራኤሏ ከተማ ቂርያት መላኺ ስሟን ያገኘችው ከመዋጮ ነው። በዕብራይስጡ ስም ውስጥ ያለው ቃል በግዕዝም በአማርኛም «መልአክ» ከምንለው ጋር አንድ ሥር አለው። ከተማዋ የመላእክት ከተማ የተባለችው በስፓኒሽ ተመሳሳይ ትርጉም ያለውን የሎስ አንጀለስን ስም ለማስታወስ ነው። በ1950ዎቹ መግቢያ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ካልተገለጸ በቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ስፍራው ካስቲና የሚባል የስደተኞች መጠለያ ነበር። ከኢራቅ፣ ከኢራን፣ ከሰሜን አፍሪካና ከሩማንያ የመጡ ቤተሰቦች በድንኳንና በቆርቆሮ ቤት ይኖሩበት ነበር። በጭቃና በዝናብ ይኖር ለነበረው ለዚህ ሕዝብ ቋሚ ቤት እንዲሠራ የሎስ አንጀለስ አይሁድ ገንዘብ አዋጡ፤ ከተማዋም ውለታውን በስሟ ያዘች። በ1958 የአካባቢ ምክር ቤት አቋቋመች፣ በ1998 የከተማ ማዕረግ አገኘች።

ጎረቤቶቿም ቢሆኑ ከዚህ ታሪክ የራቁ አይደሉም። ገዴራን በ1884 የመሠረቷት ቢሉ የሚባለው ማኅበር ወጣቶች መሬቱን ያገኙት በይሒኤል ሚኻኤል ፒነስ አማካይነት ነው። ከዚያ በኋላ ያቆማቸው በምሥራቅ አውሮፓ የሚገኙ «የጽዮን ወዳጆች» የተባሉት ማኅበራት የሚልኩት ድጋፍ ነበር። እነዚሁ ማኅበራት በዚያው ዓመት በካቶቪትስ ጉባኤ ተቀምጠው በሊዮን ፒንስከር ሰብሳቢነት የጋራ ካዝና አቋቋሙ፤ በዚያ ወቅት 100 ዓመት ለሞላቸው ለሞሼ ሞንቴፊዮሬ ክብርም በስማቸው ሰየሙት። ለትልቅ ሰው ክብር ተብሎ ገንዘብ የመሰብሰቡ ዘዴ ያኔም ይሠራ ነበር። ያቭኔ ደግሞ ከሁለቱ በዕድሜ እጅግ ትበልጣለች። ቤተ መቅደሱ በ70 ዓ.ም. ከፈረሰ በኋላ ራባን ዮሐናን ቤን ዛካይና ሊቃውንቱ ተሰብስበው ትምህርቱን ያስቀጠሉት በዚያች ከተማ ነው።

ቤተ እስራኤል የሚባሉት የኢትዮጵያ አይሁድ ትምህርት ቤቶችም በኢትዮጵያ የቆሙት በዚሁ የመዋጮ መንገድ ነበር። ዣክ ፋይትሎቪች በ1904 ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኢትዮጵያ ከሄደ በኋላ በጣሊያን፣ በጀርመን፣ ኋላም በአሜሪካ ገንዘብ የሚያሰባስቡ ኮሚቴዎችን እየዞረ አቋቋመ። ከመጀመሪያው ጉዞው አብረውት ከተመለሱት ወጣቶች አንዱ ታምራት አማኑኤል በአውሮፓ ተምሮ ተመለሰ። በ1920ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ የተከፈተውን አዳሪ ትምህርት ቤትም በኃላፊነት መራ። የትምህርት ቤቱ ህልውና ባሕር ማዶ ባሉት ኮሚቴዎች እጅ ስለነበር እነሱ ሲበረቱ ይበረታል፣ ሲዳከሙ ደመወዝ ይዘገያል። የጣሊያን ወረራ ሲመጣ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። ከ1970ዎቹ አጋማሽ እስከ 1981 ድረስ ኦርት የተባለው ድርጅት በጎንደር መንደሮች ትምህርት ቤቶችና ክሊኒኮች ከፍቶ ነበር፤ ገንዘቡ ያው ከውጭ የመጣ ነበር። በአምቦበርና በአካባቢዋ ያደጉ ብዙ የዛሬ አያቶች ፊደል የቆጠሩት በዚያ ዘመን ነው።

የተውኔት መድረክ ወደ ኢትዮጵያ ትምህርት ቤት የገባበት መንገድ ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። በ1913 ዓ.ም. (እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር) በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለውን ተውኔት አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሆቴል አዳራሽ አሳዩ። በሩሲያ የተማሩት ደራሲ አንበሳውን፣ ቀበሮውንና ዝንጀሮውን ይዘው የዘመኑን ሹማምንት ድክመት ስለነኩ ቤተ መንግሥት ተቆጣ፤ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመንም ቴአትር ታገደ። እገዳው ሲላላ ሥራው የተነሣው ከትምህርት ቤት ነው። ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤና መልአኩ በጎሰው ተማሪዎችን እያሰለፉ ተውኔት ያሳዩ ጀመር። ዮፍታሔ ከጎጃም ደብረ ኤልያስ የመጡ ቅኔ አዋቂ ስለነበሩ ዜማውንም ግጥሙንም ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቀድተውታል። ቴአትር ቤት ባልነበረበት ዘመን ጸሐፊው መምህር፣ ተዋናዩ ተማሪ፣ ተመልካቹም ወላጅ ነበር።

ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች የወላጆች በዓል ያለ ተውኔት አይታሰብም። መድረኩ ብዙ ጊዜ የተገጣጠሙ ጠረጴዛዎች ነው። መጋረጃው በሽቦ ላይ የተንጠለጠለ አቡጀዲ ሲሆን ሁለት ተማሪ ከግራና ከቀኝ ይዞ ይስበዋል፤ ሽቦው መሐል ላይ ሲቋጠር ደግሞ አንዱ ተዋናይ ንጉሥ ሆኖ ለብሶም ቢሆን ወጥቶ ያላቅቀዋል። ንጉሡ ጢሙ ከጥጥ፣ ካባው ከእናቱ የተዋሰው ነው። ትምህርት ቤቱ ጣሪያ ሲያስፈልገው፣ ቤተ መጻሕፍቱ መደርደሪያ ሲያጣ የሚያዘው ይህንኑ መድረክ ነበር። ትኬት በማኅተም ተመትቶ ይሸጣል፣ ቶምቦላ ይወጣል፣ ዶሮና ብርድ ልብስ ለዕድለኛ ይደርሳል። ትምህርት ቤቱን ይጠግን የነበረው ገንዘብ ከመድረኩ የተገኘ ነበር ማለት ይቻላል። መድረኩን ራሱን ለመጠገን ግን ማንም ትኬት አልሸጠም፤ አቡጀዲው እስኪቀደድ ያገለግላል፣ ሲቀደድ ሌላ ይገዛል።

ሙያው ከትምህርት ቤት ወጥቶ ቋሚ ቤት ያገኘው ቀስ እያለ ነው። በ1927 ዓ.ም. (እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር) በመኮንን ሀብተ ወልድ አማካይነት የተቋቋመው የሀገር ፍቅር ማኅበር መጀመሪያ ሥራው የጣሊያን ጦር እየተቃረበ ሳለ ሕዝቡን በንግግርና በዘፈን ማነቃቃት ነበር። ከነጻነት በኋላ እንደገና ተነሥቶ የዛሬው ሀገር ፍቅር ቴአትር ሆነ። ጣሊያኖች ሲኒማ ሊያደርጉት የጀመሩት ሕንጻ ደግሞ ተጠናቅቆ በ1948 ዓ.ም. (እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር) ለንጉሠ ነገሥቱ የ25ኛ ዓመት ኢዮቤልዩ ተከፈተ። የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር እሱ ነው፤ የመክፈቻው ተውኔት የመኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦሪዮን» ነበር። መጽሐፍ ቅዱስን ጠንቅቆ ለሚያውቅ ተመልካች ታሪኩ እንግዳ አልነበረም።

ቤተ እስራኤል ወደ እስራኤል ሲገቡ የትምህርት ቤትና የባህል ማዕከል አዳራሾች ተሠርተው ጠበቋቸው። በ1964 የአሜሪካ አይሁድ የተባበረ ዕርዳታ ድርጅት የእስራኤል ትምህርት ፈንድን አቋቁሞ በአዳዲሶቹ ከተሞች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን፣ መዋዕለ ሕፃናትንና ቤተ መጻሕፍትን መገንባት ጀመረ። በ1969 ደግሞ በትምህርት ሚኒስቴር ሥር የማትናስ ኩባንያ ተመሠረተ፤ ማትናስ ማለት የባህል፣ የወጣትና የስፖርት ማዕከል ማለት ነው። ከዚያ ቀጥሎ በመናኼም ቤጊን መንግሥት ዘመን «የሰፈሮች እድሳት» የተባለው ፕሮጀክት በ1970ዎቹ መጨረሻ ተጀምሮ በባሕር ማዶ ያለ አንድ የአይሁድ ማኅበረሰብ ከአንድ የእስራኤል ሰፈር ጋር እንዲጣመር አደረገ። በእነዚህ ሃያ የማይሞሉ ዓመታት በየከተማው ብዙ የትምህርት ቤትና የማትናስ አዳራሾች ተሠሩ። አብዛኞቹ ተመሳሳይ ናቸው፦ ግራጫ ኮንክሪት፣ ተዳፋት ወለል፣ የሚታጠፍ የእንጨት ወንበር፣ በበሩ ግራ የለጋሹ ስም የተቀረጸበት ሰሌዳ። ያ ትውልድ የሠራው ሕንጻ ዛሬ ሃምሳ ዓመት አልፎታል ወይም ተጠግቶታል።

በ1984ና 1985 በሙሴ ዘመቻ፣ በ1991 ደግሞ በ36 ሰዓት ከ14,000 በላይ ሰው ባጓጓዘው በሰሎሞን ዘመቻ የመጡት ኢትዮጵያውያን በቂርያት መላኺ፣ በገዴራና በያቭኔ ሲሰፍሩ ልጆቻቸው በእነዚህ አዳራሾች መድረክ ላይ ወጡ። የእስራኤል ፓርላማ ክነሴት በ2008 የቤተ እስራኤልን በዓል ስግድን ብሔራዊ በዓል አድርጎ በሕግ ካጸደቀ ወዲህ ደግሞ የትምህርት ቤት አዳራሽ ለማኅበረሰቡ ሌላ ትርጉም አገኘ። በሔሽቫን ወር 29ኛ ቀን አካባቢ ልጆች መድረክ ላይ ይዘምራሉ፣ ቄሱ ከፊት ይቀመጣሉ፣ ዕብራይስጥ የማይቀናቸው አያት የልጅ ልጃቸው አንዲት የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ስትናገር በእልልታ ይመልሳሉ። በዚያ ሰዓት ማይክሮፎኑ ቢያቃጭል ወይም ድምፅ ማጉያው ቢጠፋ የሚጎዱት እሳቸው ናቸው፤ ከመላው ፕሮግራም የሚገባቸው ያቺ ዓረፍተ ነገር ናት። ከዚህ ትውልድ መካከል ወደ ቴአትር ሙያ የገቡም አሉ። ዮሲ ቫሳ ከሻይ ቤን አታር ጋር የጻፈው «በዓይነቱ ልዩ» የተባለው ተውኔት በኔፌሽ ቴአትር ተዘጋጅቶ በ2009 ኒው ዮርክ ድረስ ሄዷል። ሁለቱ የጻፉት «ነፍሱ» የተባለው የቴሌቪዥን ኮሜዲም በ2018 ዓለም አቀፍ ኤሚ ሽልማት አግኝቷል። በኢየሩሳሌም ከ2010 ጀምሮ የሚካሄደው ዓመታዊ የጥበብ ፌስቲቫልም የአማርኛውን ስም «ሁለገብ»ን ይዞ ይጠራል።

አዳራሽ ሲያረጅ መጀመሪያ ዓይን ላይ የሚወድቀው ወንበሩና ቀለሙ ነው፤ አደገኛው ግን የማይታየው ክፍል ነው። የከባድ ቬልቬት መጋረጃ እሳት እንዳይቀበል የተነከረበት መድኃኒት ከዓመታትና ከእጥበት ጋር ኃይሉን ያጣል። የመድረክ መብራት መስመር በሃሎጅን አምፖል ሙቀት ሽፋኑ ይደርቅና ይሰነጠቃል፤ ጣት ሲያርፍበት እንደ ደረቅ ቅጠል ይረግፋል። ጠፍጣፋ የኮንክሪት ጣሪያ ያለው አዳራሽ የዝናብ መከላከያው ሲላጥ ውኃው በመጀመሪያው የኅዳር ዝናብ ከመድረኩ በላይ ይወርዳል፣ የመድረኩም ጣውላ ያብጣል። በላዩ ላይ የሕግ ግዴታ ተጨመረ። በ1998 የወጣው የአካል ጉዳተኞች እኩል መብት ሕግና በ2005 የታከለበት የተደራሽነት ምዕራፍ ተሽከርካሪ ወንበር አዳራሹ ውስጥም መድረኩም ላይ እንዲደርስ ያዛሉ። የደቡብ ከተሞች ደግሞ ሌላ ሸክም አለባቸው። በኅዳር 2012 በቂርያት መላኺ አንድ መኖሪያ ሕንጻ በሮኬት ተመትቶ ሦስት ሰዎች ከሞቱ ወዲህ፣ ሦስት መቶ ልጅ የሚይዝ አዳራሽ ሳይረን ሲጮህ ልጆቹን ወዴት እንደሚያስወጣ ሳይወሰን እድሳት አይታቀድም።

የእድሳቱ ገንዘብ ከአንድ ቦታ አይመጣም። ሕንጻው በአብዛኛው የከተማው አስተዳደር፣ የኢሪያው ንብረት ስለሆነ መነሻው እዚያ ነው፤ የትምህርት ሚኒስቴር ለደኅንነትና ለተደራሽነት በጀት ይይዛል። በ1951 የተቋቋመው ሚፍዓል ሀፓይስ፣ ማለትም ብሔራዊ ሎተሪው፣ ከትርፉ ለክፍሎችና ለባህል ሕንጻዎች በአካባቢ አስተዳደሮች በኩል ያከፋፍላል። ሕዝቡ በየኪዮስኩ የሚፍቀው ካርድ በዚህ በኩል ተመልሶ ጣሪያ ይሆናል። ከውጭም የቀጠለ ድጋፍ አለ። የአይሁድ ኤጀንሲ በ1990ዎቹ በጀመረው የሽርክና ፕሮግራም ቂርያት መላኺና ሖፍ አሽኬሎን ከአሪዞናዎቹ ቱሳንና ፊኒክስ፣ ከዋሽንግተን ክፍለ ግዛቷም ከሲያትል ጋር ተጣምረዋል። ግለሰብ ሲለግስ ደግሞ ተቋሙ በገቢ ግብር ሕጉ አንቀጽ 46 የተፈቀደለት ከሆነ፣ ሕጉ ካስቀመጠው አነስተኛ መጠን በላይ ከሰጠ ከስጦታው 35 በመቶው ከግብሩ ይቀነስለታል። ብዙ ወላጅ ይህን ስለማያውቅ ደረሰኙን ይጥለዋል፤ የሚያሳዝን ነገር ነው፤ ተመላሹን ገንዘብ የሚያውቅ ሰው ትንሽ ጨምሮ መስጠት ይችል ነበር።

ችግሩ ለጋሽ ስሙ የሚታይበትን ነገር መውደዱ ነው። በወንበር ጀርባ ላይ የነሐስ ሰሌዳ ይለጠፋል፣ በበሩ ላይ ስም ይጻፋል፤ በጣሪያ መከላከያና በኤሌክትሪክ ሣጥን ላይ ግን ስም አይጻፍም። ስለዚህ ቀለም ተቀብቶ፣ ወንበር ተለውጦ፣ በሁለተኛው ክረምት አዲሱ ወንበር በአሮጌው ጣሪያ ውኃ የሚበላሽበት አዳራሽ አይጠፋም። ይህን ልማድ ያሸነፉት አብዛኛውን ጊዜ የማይታየውን ሥራ ከመንግሥትና ከሎተሪው በሚገኝ ገንዘብ ሸፍነው የሚታየውን ለለጋሽ የተዉ ናቸው።

ኢትዮጵያዊው ወላጅ ለዚህ ሥራ ባዶ እጁን አልመጣም። ዕቁብ በእስራኤልም ቀጥሏል፤ በተለይ ሴቶች በየወሩ ተሰባስበው ዕጣ ያወጣሉ። ለቅሶ ሲሆን መዋጮ ሳይጠየቅ ይሰበሰባል፤ የሚጽፈው ሰው፣ የሚይዘው ሰው፣ የሚቆጥረው ሰው የየራሱ ቦታ አለው። ይህ ልማድ ለትምህርት ቤት አዳራሽ ሲውል ትልቁ ዋጋው ገንዘቡ አይደለም። ሃምሳ ሸቀል ያዋጣች እናት ስብሰባ ላይ ትገኛለች፣ መጋረጃውን ትሰፋለች፣ ሥራው ሲዘገይ ለምን ትላለች። በገዴራ ሻፒራ ሰፈር በ2005 በኢትዮጵያውያን ወጣቶች የተጀመረው «ሐቬሪም ባቴቫ» የተባለው ማኅበርም የያዘው መንገድ ይኸው ነው፤ ከውጭ የሚመጣ ዕርዳታን ከመጠበቅ ይልቅ ነዋሪውን ራሱን ማደራጀት። ሽማግሌዎቹ በሰፈሩ የአትክልት ቦታ ያውቁት የነበረውን እርሻ ለልጆች እንዲያሳዩ የተደረገውም በዚሁ አካሄድ ነው።

ሥራው በተግባር ሲጀመር መጀመሪያ የሚቀጠረው መሐንዲስ ነው። ግምቱ ሳይጻፍ ገንዘብ መሰብሰብ ከተጀመረ የተሰበሰበው ሁሉ ወይ ይተርፋል ወይ ያንሳል፤ ሁለቱም ሐሜት ያመጣል። ከዚያ ጣሪያው፣ ቀጥሎ የኤሌክትሪክ መስመሩ፣ ቀጥሎ መውጫ በሮቹና መወጣጫው ይሠራሉ፤ የመድረኩ ጣውላና መብራቱ ይከተላሉ፤ በዚህ ጊዜ ሃሎጅኑ በኤልኢዲ ይለወጣል፣ ሙቀቱም የመብራት ሂሳቡም ይቀንሳል። መጋረጃ፣ ወንበርና ቀለም መጨረሻ ላይ ይመጣሉ። ኢሪያው ሥራውን በጨረታ፣ በሚክራዝ ነው የሚያወጣው፤ ሕንጻው ሲያልቅ የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤትና የደኅንነት መሐንዲሱ ሳይፈርሙ አንድም ተመልካች አይገባም። ወጪና ገቢው በሂሳብ ሹሙ ተፈርሞ በአዳራሹ መግቢያ ይለጠፋል፤ በዕብራይስጥና በአማርኛ ሲለጠፍ አያትም ቆመው ያነቡታል።