ስለ እንግድነት፤ ከለገሃር እስከ ሰበታ

ሰው በተወለደበት አገር ሳለ ያለውን ሀብት አይቈጥርም። አፉን የፈታበት ቋንቋ፣ በእናቱ ቤት የለመደው እንጀራ፣ ከአባቶቹ የወረሰው በዓልና ጾም እንደሚተነፍሰው አየር ናቸውና አያስባቸውም። በሰው አገር በተቀመጠ ጊዜ ግን አስቀድመው የሚጐድሉበት እነዚህ ሦስቱ ናቸው፤ ወርቅ ቢያገኝ እንኳ በወርቁ አይገዛቸውም። ጌታችን በዕለተ ምጽአት ከሚጠይቀን ከስድስቱ ቃላተ ወንጌል አንዱ ስለ እንግዳ መሆኑም፣ ይህን ጕድለት ሊሞላ የሚችል ባለ አገሩ ስለ ሆነ ነው። ስለዚህ በባቡር ሐዲድ ምክንያት ወደ አገራችን ስለ መጡ እንግዶች፣ እንዲሁም በዚያው ምክንያት ወደ ቻይና ስለ ሄዱ ልጆቻችን ጥቂት ለመጻፍ ወደድን።

ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ ለሙሴ ኢልግ የምድር ባቡር ፈቃድ ሰጡ። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ፈረንሳዊው መሐንዲስ፣ ግሪኩ ባለ ሱቅ፣ አርመኑ አንጥረኛ፣ ህንዱና ዐረቡ ነጋዴ አስቀድመው የመጡ ቢኖሩባቸውም ቅሉ፣ ሐዲዱ ቍጥራቸውን አበዛው። ፈረንሳዊው «ላ ጋር» ያለውን የባቡር ጣቢያ የከተማው ሰው በራሱ አንደበት አለዝቦ «ለገሃር» አለው፤ ስሙም የሰፈር ስም ሆኖ እስከ ዛሬ ይጠራል። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪም በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌምን በጐበኙ ጊዜ በአርመኖች ገዳም ያገኟቸውን 40 ወላጅ አልባ ልጆች ወደ አዲስ አበባ አስመጡ፤ ሕዝቡም «አርባ ልጆች» አላቸው። መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን እስከ 1967 ዓ.ም. የተዘመረውን የኢትዮጵያን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ። አገራቸውን ያጡ ልጆች ለአገራችን ክብር መለከት ነፉ ማለት ነው። ከእነዚያ እንግዶች ብዙዎቹ ቋንቋችንን ለመዱ፣ እዚሁ ወለዱ፣ እዚሁም ተቀበሩ።

ከቻይና ጋራ ያለን የመንግሥት ወዳጅነት የተጀመረው ኅዳር 15 ቀን 1963 ዓ.ም. ነው፤ ይህም ጾመ ነቢያት የሚገባበት ዕለት ነው። በ1964 ዓ.ም. መጀመሪያ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ወደ ቤጂንግ ሄደው ከሊቀ መንበር ማኦ ጋራ ተገናኙ። ከዚያ ብዙ ዘመን አልፎ፣ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብ ካለችው ከሰበታ ተነሥቶ እስከ ጅቡቲ የሚዘልቀውን ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ ሐዲድ የቻይና ኩባንያዎች ሠሩት። የአሮጌው ሐዲድ ስፋት 1 ሜትር ነበረ፤ የአዲሱ 1.435 ሜትር ነው፤ ባቡሩም በኤሌክትሪክ ይሄዳል። የተመረቀውም መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ነው።

ነገር ግን የቻይናዊው ሠራተኛ ኑሮ እንደ ግሪኩ ባለ ሱቅ ኑሮ አልሆነም። ግሪኩ ከነቤተሰቡ በሕዝቡ መካከል ሱቅ ከፍቶ በየቀኑ ከገዢው ጋራ ይነጋገር ነበር። ቻይናዊው ግን በውል ለተወሰነ ዘመን፣ ሚስቱንና ልጁን በአገሩ ትቶ ይመጣል። የሚያድረው በአጥር በተከበበ ሰፈር ነው፤ የሚበላውን የአገሩ ሰው ያበስልለታል፤ ጐመኑንም በዚያው አጥር ውስጥ ይተክላል። ከሠራተኞቹ ጋራ በአስተርጓሚ፣ አስተርጓሚ ሲታጣ በእጅ ምልክት ይግባባል። በመንገድ ባለፈ ጊዜም ልጆች «ቻይና! ቻይና!» እያሉ ይጠሩታል፤ የአገሩን ስም እንጂ የራሱን ስም የሚያውቅለት የለም። ይህን ስናይ «ኩሩ ነው» ብለን እንዳንፈርድበት ይገባናል። ሊሄድ የመጣ ሰው ሥር ለመስደድ አይቸኵልምና፤ አጥሩን የሠራው ጠባዩ ሳይሆን ውሉ ነው።

እንግዲህ ባለ አገሩስ እንዴት ተቀበለው? በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ዙሪያ የሚኖረው የኦሮሞ ገበሬ እንግዳ መቀበልን ከሌላ አይማርም፤ ባዕዱን ወገን የሚያደርግበት «ሞጋሳ» የሚባል የቈየ ሥርዓት አለው። ይሁን እንጂ ከተማው ሲሰፋ የእርሻው መሬት ለፋብሪካና ለመኖሪያ ቤት ተወሰደ፤ ስለ ካሳው ማነስም ብዙ ጩኸት ተሰማ። መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. በቢሾፍቱ በእሬቻ በዓል ብዙ ሰው ሞተ፤ በዚያው ሳምንት በሰበታ አካባቢ የተነሣው ቍጣ የውጭ አገር ሰዎች ያቋቋሟቸውን ፋብሪካዎች ጭምር በእሳት አጠፋ። አዲሱ ባቡር የተመረቀውም በዚያው ሳምንት ነው። የሰው እንጀራ ማቃጠልን የሚያመሰግን ሕሊና የለም። ነገር ግን ምክንያቱን ልንመረምር ይገባል፤ በአባቱ መሬት ላይ የፋብሪካ ዘበኛ የሆነ ገበሬ እርሱ ራሱ እንግዳ ሆኗል። በገዛ አገሩ እንግዳ የሆነ ሰው ደግሞ ሌላውን እንግዳ ሊቀበልበት የሚችል ቤት የለውም።

አሁን ነገሩን ገልብጠን እንመልከተው። ባቡሩን የሚነዱና የሚጠግኑ ሰዎች ያስፈልጉ ስለ ነበር ወጣቶቻችን ለትምህርት ወደ ቻይና ተላኩ፤ በቼንዱ ከተማ የተማሩም አሉ። በዚያ እንግዶቹ እነርሱ ናቸው። አስቀድሞ የሚያስቸግራቸው ቋንቋው ነው። «ማ» የሚለው አንዱ ድምፅ በአራት ዓይነት ዜማ ሲነገር አንድ ጊዜ እናት፣ አንድ ጊዜ የቃጫ ተክል፣ አንድ ጊዜ ፈረስ፣ አንድ ጊዜ ስድብ ይሆናል። ቅኔ ቤት የዋለ ግን በዚህ ብዙ አይደነቅም፤ በእኛም «ገና» ሲላላ ያልደረሰ ጊዜ፣ ሲጠብቅ የልደት በዓል ነውና። ከዚያ ቀጥሎ ማዕዱ ነው። የቼንዱ ወጥ በርበሬው የበዛ ስለ ሆነ የእኛን ልጅ ደስ ሊያሰኘው ይችላል፤ ነገር ግን በጐመኑ ውስጥ እንኳ የዓሣማ ሥጋ ወይም ስብ ሊገባበት ስለሚችል ጾመኛው መጠየቅ ይገባዋል። የቡድሃ መነኮሳት ሥጋ ስለማይበሉ በመቅደሶቻቸው አጠገብ ሥጋ የሌለበት ማዕድ ይገኛል፤ ከአኩሪ አተር የሚሠራው ቶፉም ለጾም ይረዳል። ሦስተኛው የዘመን ቈጠራ ነው። እኛ መስከረም 1 ቀን ዘመን ስንለውጥ ቻይናውያን በጨረቃ ቈጥረው በጥርና በየካቲት መካከል ይለውጣሉ። ሆኖም በጥንቱ ሥርዓታቸው በ19 ዓመት ውስጥ 7 ትርፍ ወር ይጨምራሉ፤ የእኛ የባሕረ ሐሳብ ንዑስ ቀመርም 19 ዓመት ነው። እነርሱና እኛ በተለያየ ቋንቋ አንዲቱን ጨረቃ ስንቈጥር ኖረናል።

ባቡሩን የማስተዳደር ሥራ ለ6 ዓመት በቻይናውያን እጅ ከቈየ በኋላ በ2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያና ለጅቡቲ ሰዎች ተላለፈ። መምህሩ ወደ አገሩ ሲመለስ ተማሪው በቦታው ተተካ፤ ይህም መልካም ፍሬ ነው። ነገር ግን ከሐዲዱ ጋራ ምን ቃል፣ ምን ወዳጅነት ቀረ ብለን እንጠይቅ። አሮጌው ባቡር «ለገሃር»ን ትቶልናል፤ አርባ ልጆች ዜማን ትተውልናል። አጥር ግን የሚተወው ቃል የለም።

ስለዚህ እንግዳው የባለ አገሩን ቋንቋ ጥቂትም ቢሆን ይማር፤ ባለ አገሩም እንግዳውን በአገሩ ስም ሳይሆን በገዛ ስሙ ይጥራው፤ ሹማምንትም መሬቱን ለሰጠው ገበሬ አስቀድመው ፍርድ ያድርጉለት። በሰበታ ለቻይናዊው በር የምንከፍት ሁሉ በቼንዱ ያለው ልጃችን በር አንኳኵቶ የሚቆም መሆኑን አንርሳ። እግዚአብሔር እንግዳውንም ባለ አገሩንም ይጠብቅ፤ አሜን።