አልታዘዝም ባዩ ፈረስ እና የስልክ ጨዋታዋ «ጎልድ ሺፕ»

ከአሜሪካ ለእረፍት የመጣው የእህቴ ልጅ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። ምሳ ቀርቦ እንኳ ዓይኑን ከስልኩ ላይ አላነሳ ሲል እናቱ «እስቲ አንተ ምከረው፤ ያንተን ይሰማል» አለችኝ። ለመምከር ነገሩን ማወቅ ያስፈልጋልና አጠገቡ ተቀመጥኩ። በስክሪኑ ላይ የፈረስ ጆሮና ጭራ ያላት፣ ጸጉሯ ብርማ የሆነ ረጅም ልጅ አሰልጣኟን ዘልላ በእግሯ ስትመታው አየሁ። «ምን ዓይነት ባለጌ ናት ይህቺ?» አልኩት። «አጎቴ፣ ጎልድ ሺፕ እኮ ናት! የእውነት ፈረስ ነበረች» አለኝ። እኔም ምክሩን ትቼ ፈረሱን ፍለጋ ገባሁ። ያገኘሁትን እነሆ።

አንባቢ እንዳይደናገር አንድ ነገር ላስቀድም። እውነተኛው ፈረስ ወንድ ነው፤ በጨዋታው ያለችው ገጸ ባሕርይ ደግሞ ሴት ናት። ስለዚህ ፈረሱን «እሱ»፣ ልጅቷን «እሷ» እላለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹም ካልተገለጸ በስተቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጨዋታው ምንድን ነው?

ጨዋታው «ኡማ ሙሱሜ ፕሪቲ ደርቢ» ይባላል። «ኡማ» በጃፓንኛ ፈረስ፣ «ሙሱሜ» ደግሞ ልጃገረድ ማለት ነው። ያዘጋጀው ሳይጌምስ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ሲሆን፣ በጃፓን በስልክ ላይ የዋለው በፌብሩዋሪ 2021 ነው። የእንግሊዝኛው ቅጂ የተለቀቀው በጁን 2025 ነው። ከዚያ አስቀድሞ በ2018 በተከታታይ የካርቱን ፊልም መልክ ለቴሌቪዥን ቀርቦ ነበር።

ሐሳቡ ለሰሚው እንግዳ ነው። በጃፓን ስማቸው የገነነ የእሽቅድምድም ፈረሶች ስማቸውንና ታሪካቸውን እንደያዙ በልጃገረድ መልክ ይመጣሉ። ተጫዋቹ አሰልጣኝ ይሆንና አንዷን ተቀብሎ ለሦስት የውድድር ዓመታት ያሠለጥናታል። እያንዳንዱ ተራ ግማሽ ወር ነው። በየተራው ከአምስት ነገሮች አንዱን ማሳደግ ይቻላል፤ እነሱም ፍጥነት፣ ጽናት፣ ጉልበት፣ ወኔና ብልሃት ናቸው። ልጅቷ ከደከመች ሥልጠናው የመክሸፍ ዕድሉ ይጨምራል፤ ስለዚህ ማሳረፍም የአሰልጣኙ ሥራ ነው። ስሜቷ ሲከፋ ውጤቷም ይወርዳል። በየጊዜው የተቀመጠ ግብ አለ፤ ግቡ ካልተመታ የሥልጠናው ዘመን እዚያው ያበቃል።

ልብ በሉ፤ ውድድሩ ሲጀመር የአሰልጣኙ ሥራ አልቋል። ተቀምጦ ከማየት በቀር የሚነካው ነገር የለም። የእህቴ ልጅ ምሳውን ረስቶ የሚያፈጠው በዚያች ሰዓት ነው።

ግራጫው ፈረስ

እውነተኛው ጎልድ ሺፕ የተወለደው በማርች 6 ቀን 2009 በሰሜናዊቷ የጃፓን ደሴት በሆካይዶ ነው። አባቱ ስቴይ ጎልድ በ2001 በሆንግ ኮንግ ትልቅ ውድድር ያሸነፈ ፈረስ ነው። የእናቱ አባት ሜጂሮ ማክዊን ደግሞ በ1991 እና በ1992 የጃፓንን ረጅሙን የከፍተኛ ደረጃ ሩጫ በተከታታይ ያሸነፈ ግራጫ ፈረስ ነበር። የልጅ ልጁም ግራጫ ሆኖ ተወለደ።

ጎልድ ሺፕ 28 ጊዜ ተወዳድሮ 13 ጊዜ አሸንፏል። ከእነዚህም ስድስቱ «ጂ ዋን» የሚባሉት የከፍተኛ ደረጃ ውድድሮች ናቸው። ያስገኘው የሽልማት ገንዘብ ወደ 1.4 ቢሊዮን የን ይጠጋል።

አሯሯጡ ግን ለተመልካች ልብ የሚመች አልነበረም። ከበሩ ሲወጣ ቀስ ብሎ መጨረሻ ላይ ይሰለፋል፤ ከመንገዱ አጋማሽ በኋላ ግን ሳይቸኩል ሳያቋርጥ እያንዳንዱን እየቀደመ ይመጣል። ለዚህ ምሳሌው በኤፕሪል 2012 በናካያማ የተካሄደው የ2,000 ሜትር ውድድር «ሳትሱኪ ሾ» ነው። ሜዳው ርሶ፣ የውስጠኛው መስመር ተረጋግጦ ስለነበር አብዛኞቹ ጋላቢዎች ሣሩ ወደሚሻልበት ወደ ውጭ ወጡ። ከ18 ፈረሶች መጨረሻ ላይ የነበረው ጎልድ ሺፕ ግን ሁሉም የሸሸውን የውስጥ መስመር ይዞ ገባና ከመታጠፊያው ሲወጣ ከፊተኞቹ ጋር ተገኘ። አሸነፈም። በዚያው ዓመት የ3,000 ሜትሩን «ኪኩካ ሾ» እና የዓመቱን መዝጊያ «አሪማ ኪነን» ጨመረበት።

በ2013 እና በ2014 ደግሞ «ታካራዙካ ኪነን» የተባለውን የ2,200 ሜትር ውድድር በተከታታይ ወሰደ። ይህን ውድድር ሁለት ጊዜ አከታትሎ ያሸነፈ ፈረስ ከእሱ በፊት አልነበረም። በመካከሉ ግን ተስፋ ተጥሎበት ኋላ የቀረባቸው ውድድሮች ነበሩ። በ2014 ፓሪስ ድረስ ሄዶ በታዋቂው የሎንሻን ውድድር 14ኛ ወጣ። በ2015 በኪዮቶ በ3,200 ሜትሩ «ተኖ ሾ» ላይ መነሻው በር ውስጥ አልገባም ብሎ አስቸገረ፤ በመጨረሻ ዓይኑ ተሸፍኖ ገባ። ያንን ሁሉ ካስቸገረ በኋላ አሸነፈ! እንዲህ ያለውን ፈረስ ምን ታደርገዋለህ?

የ12 ቢሊዮን የን መነሻ

ጁን 28 ቀን 2015 (ሰኔ 21 ቀን 2007 ዓ.ም. መሆኑ ነው) ጎልድ ሺፕ ታካራዙካ ኪነንን ለሦስተኛ ጊዜ በተከታታይ ለማሸነፍ በሃንሺን ሜዳ ቀረበ። ተወራራጆች አብዝተው ያመኑት እሱን ነበር። ዋጋው 1.9 ነበር፤ 100 የን ያስያዘ ሰው ፈረሱ ቢያሸንፍ 190 የን ይወስዳል ማለት ነው።

በሩ ሊከፈት ሲል ፈረሱ በኋላ እግሮቹ ቆመ። በሩ ተከፈተ፤ ሌሎቹ አሥራ አምስቱ ወጡ። እሱ እግሩን መሬት አስነክቶ እስኪወጣ ድረስ አሥር ያህል የፈረስ ርዝመት ተቀድሟል። 15ኛ ሆኖ ጨረሰ። ውድድሩ በደንቡ መሠረት ስለተጀመረ ገንዘብ የሚመለስለት ተወራራጅ አልነበረም። በእሱ ላይ የተያዘውና በዚያች ቅጽበት የተነነው ገንዘብ 12 ቢሊዮን የን ያህል እንደነበር ይነገራል። በጊዜው ምንዛሪ ወደ 100 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ መሆኑ ነው። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላል የአገራችን ሰው። ይህኛው ማድረሱንም ተወው።

አሁን የሚያስገርመው ነገር ይመጣል። ሕዝቡ አልጠላውም። በዚያው ዓመት በዲሴምበር የመጨረሻ ውድድሩን ሮጦ ስምንተኛ ሲወጣ በክብር ተሸኘ። ያን ያህል ገንዘብ ያጠፋ የባንክ ሠራተኛ ቢሆን ኖሮ መጨረሻው የት እንደሚሆን ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

ከፈረሱ ወደ ልጅቷ

የጨዋታው አዘጋጆች ይህን ጠባይ ሳያርሙ ወሰዱት። ልጅቷ ጎልድ ሺፕ ቁመቷ 170 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ዝም ብላ ስትቆም የተከበረች ወይዘሮ ትመስላለች፤ አፏን ስትከፍት ግን የምትናገረውና የምታደርገው አይገናኝም። በፊልሙ ላይ አዲስ የመጣችውን ልጅ በጆንያ ጠቅልለው ወደ ቡድናቸው ከሚወስዱት አንዷ እሷ ናት። በአያቱ ስም የተሰየመችውንና ጨዋ ኑሮ የምትወደውን ሜጂሮ ማክዊንን ያለ ዕረፍት ትነዘንዛታለች። ጨዋታው ዘመድ ናቸው ብሎ በግልጽ አይናገርም፤ የትውልድ ሐረጉን የሚያውቅ ተመልካች ግን የልጅ ልጅ አያቱን ሲያስቸግር እያየ ይስቃል።

ሩጫዋም የፈረሱ ሩጫ ነው። በጨዋታው ካሉት አራት የአሯሯጥ ዓይነቶች ለእሷ የሚስማማት ከኋላ ተነስቶ መቅደም ነው። የተለየ ችሎታዋ የሚሠራውም ከመንገዱ አጋማሽ በኋላ፣ ከኋላ ስትሆን ነው። መጀመሪያ ላይ ከፊት ስላልሆነች የደነገጠ ጀማሪ አሰልጣኝ ትንሽ ቆይቶ ትዕግሥትን ይማራል።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም። ልጅቷ ትቀልዳለች፤ ፈረሱ ግን አልቀለደም። በጠባብ የብረት በር ውስጥ ጀርባው ላይ ሰው ተጭኖበት፣ ግራና ቀኙ ሌሎች ፈረሶች ቆመው፣ 500 ኪሎ ያህል የሚመዝን እንስሳ በሁለት እግሩ ሲቆም ለራሱም ለጋላቢውም አደጋ ነው። ቀልዱን የጨመርንበት እኛ ነን። ጥያቄው በቀልዱ በኩል የመጣው ፍቅር ወደ እንስሳው ይመለሳል ወይስ ስክሪኑ ላይ ይቀራል የሚለው ነው።

የአባ ዳኘው ነገር

ይህን ሳስብ የእኛው የፈረስ ስም ትዝ አለኝ። ዐፄ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፣ ዐፄ ምኒልክ «አባ ዳኘው»፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ «አባ መላ»፣ ደጃዝማች ባልቻ «አባ ነፍሶ» ይባሉ ነበር። ጀግናው የፈረሱን ስም ይወስዳል፤ ስሙም ከሰውየው ጋር ይኖራል። ነገር ግን «ዳኘው» ራሱ ምን ዓይነት ፈረስ ነበር? አስቸጋሪ ነበር ወይስ ገራም? ስሙን በየቀኑ የምንጠራው ሰዎች ስለ ፈረሱ አንጠይቅም። ፈረሱ ከሰውየው ጀርባ ጠፍቷል።

በጃፓኑ ጨዋታም ተመሳሳይ አደጋ አለ፤ ፈረሱ ከልጅቷ ጀርባ ሊጠፋ ይችላል። የሆነው ግን በከፊል ተቃራኒው ነው። ናይስ ኔቸር የተባለው ሽማግሌ ፈረስ አንዱ ማስረጃ ነው። ጨዋታው በወጣበት በ2021 ልደቱን ምክንያት በማድረግ ጡረታ ለወጡ ፈረሶች መጦሪያ በተደረገው ልመና ከ35 ሚሊዮን የን በላይ ተሰብስቧል። ፈረሱ እስከ 2023 ኖሮ በ35 ዓመቱ ሞተ። ኩባንያውም አድናቂዎች ገጸ ባሕርያቱን ነውር ባለው መልክ እንዳይስሉ ያሳስባል፤ ምክንያቱም ከስሙ ጀርባ እውነተኛ ፈረስና ባለቤት አለ።

ለእህቴ ልጅ ያልኩት

በመጨረሻ ምክሬን ሰጠሁ። ስለ ገንዘቡ ጠበቅ አድርጌ ነው የተናገርኩት። ጨዋታው በነፃ ይወርዳል፤ ልጆቹና ረዳት ካርዶቹ ግን የሚገኙት በዕጣ ነው። ከሁሉ የላቁትን የማግኘት ዕድል በአንድ ዕጣ ከመቶ ሦስት ያህል ነው። ዕጣውን በገንዘብ መግዛት ይቻላል። «በሃንሺን ሜዳ ገንዘባቸውን ያጡት ሰዎች ዕድላቸው ካንተ ይሻል ነበር» አልኩት። ሳቀ፤ ግን ገባው። በእናቱ ካርድ እንደማይገዛ ተስማማን። በምሳ ሰዓት ስልኩ መሳቢያ ውስጥ እንዲሆንም ተስማማን።

ሌላውን ግን መምከር ተውኩት። ፈረስ ይቅርና ልጅም በልጓም ብቻ እንደማይሄድ ራሴ ተማርኩ። እኔ በአንድ ምሳ ሰዓት ዓይቼ «ባለጌ» ያልኳትን ልጅ፣ እሱ ትውልዷን እስከ አያት ቆጥሮ ያውቃታል።

እሱም በተራው አንድ ነገር አሳየኝ። ጎልድ ሺፕ ከውድድር ከወጣ በኋላ በሆካይዶ ለእርባታ ውሎ ልጆች አፈራ። አንዷ ሴት ልጁ በ2021 የጃፓንን «ኦክስ» አሸንፋለች። በጁን 2025፣ ልክ በአሥረኛው ዓመት፣ በዚያው በሃንሺን ሜዳ፣ በዚያው በታካራዙካ ኪነን ላይ ሜይሾ ታባሩ የተባለ ወንድ ልጁ ተሰለፈ። ይህኛው በሩ እንደተከፈተ ወጣ፤ ከመጀመሪያ ጀምሮ ፊት ፊት ሮጦ ማንም ሳይደርስበት አሸነፈ።

የእህቴ ልጅ ቪዲዮውን ከፍቶ ሁለታችንም አየነው። ምሳው ቀዝቅዞ ነበር። እናቱ ሁለታችንንም ተቆጣችን።